ሪናን ወደ ጃካርታ ሊልኳት ነው

ዛሬ ከሥራ ስገባ የልጄ የሜላት ጓደኛ ሪና ሶፋችን ላይ ኩርምት ብላ ታለቅሳለች። "አንቲ፣ እባክሽ አባቴን ኮል አድርጊልኝ" አለችኝ።

ሪና ኢንዶኔዥያዊት ናት። እዚሁ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ ሕንፃ ላይ ነው የሚኖሩት። ሃይስኩል ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል።

የትምህርት ቤት ዳንስ ላይ ከአንድ ወንድ ልጅ ጋር የተነሳችው ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጣና ዘመድ ሁሉ አየው። አባቷ ጃካርታ አክስቷ ጋ ሊልኳት ቲኬት ቆርጠዋል።

"ትምህርት ቤት ሂጃቤን አይተው ኋላ ቀር ይሉኛል፣ ቤት ደግሞ ባለጌ እባላለሁ። የት ልግባ?" አለች።

("ሰው ምን ይላል" የሚባለው በሽታ የሐበሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር።)

ለአባቷ ደወልኩላቸው። በትህትና ሰሙኝና "እህቴ፣ ያንቺ ልጅ ብትሆንስ?" አሉኝ። እኛ ጋ መሆኗን ብቻ ነገርኳቸው።

ወዲያው መጡ። ሪና ሜላት አንገት ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች፤ አባቷ ራሳቸው እንባቸው እየወረደ እጇን አላቀቁት።

ሜላት ክፍሏን ቆልፋብኛለች። "ለምን ዝም አልሽ?" ትለኛለች ከውስጥ።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ የአባትን ልብ ያራራላችሁን ቃል ንገሩኝ። ዛሬውኑ ጻፉልኝ፤ በረራዋ እሁድ ነው።