እቴቴ አንጓች ያልሰማችው መጨረሻ

ልጅ ሳለሁ፣ ገና ፊደል ሳልለይ፣ ኮሶዬ ላይ ከአባቴ እህት ከእቴቴ አንጓች ጋር እኖር ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። እቴቴ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ለመንገደኛ ምሳ እየሸጠች ትተዳደር ነበር። ወደ ማታ ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ መንገዱን ሲሸፍነው ማኪናው ሁሉ ያልፍና ቤቱ ጭር ይላል። ያኔ እቴቴ የምድጃውን ፍም ቆስቁሳ፣ ኩራዙን አብርታ፣ ከሣጥኗ ውስጥ በነጠላ ቅዳጅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ታወጣለች።

መጽሐፉ የልጇ የአድማሱ ነበር። አድማሱ ጎንደር ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጦ ሲማር ከክፍሉ አንደኛ ስለወጣ የሸለሙት ነው። መጽሐፉ ራሱም የተሸለመ ነው፤ በልጆች መጻሕፍት ውድድር አንደኛ መውጣቱን የሚናገር ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ በቀይ ቀለም ታትሞበታል። እቴቴ ማንበብ አትችልም፤ ያንን ቀይ ጽሑፍ ግን በጣቷ እየዳሰሰች «ሁለቱም አንደኛ ናቸው» ትል ነበር።

አድማሱ ለመስቀል ሲመጣ እስከ እኩሌታው አነበበላት። የቀረውን ለገና መጥቼ እጨርስልሻለሁ ብሏት ሄደ። በኅዳር ከተማው ውስጥ ተስቦ ገባ፤ መርዶው ኮሶዬ ሲደርስ ልጁ ከተቀበረ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ከልብሱ ጋር መጽሐፉን ላኩላት። እኔ ወደ እሷ ቤት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ብቻዋን እንዳትሆን አባቴ እኔን፣ ልጁን ይታይሽን፣ ሰጣት።

ታሪኩ የአንድ ወንድምና የአንዲት እህት ነው። ልጁ የጠፋች ላም ሊፈልግ ወንዝ ይሻገራል፤ ወዲያው ደራሽ ውሃ ይመጣል፤ እህቱ ከወዲህ ቆማ ትጠብቀዋለች። አድማሱ ያነበበው እስከዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እቴቴ ሥዕሉን እያየች ትተርከው ነበር። በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ልጅ በድልድይ ሲሻገር ይታያል።

«ይኸውልሽ፣ ተመለሰ» ትለኛለች። «ላሚቱንም አስከትሏል።»

ሥዕሉ ላይ ላም አልነበረችም። አንድ ቀን ብጠይቃት «ከኋላ ናት፤ ገና አልደረሰችም» አለችኝ። ከምሽት ወደ ምሽት ታሪኩ እየረዘመ ሄደ። ልጁ ማዶ ምን እንደበላ፣ በየትኛው ዋሻ እንዳደረ፣ ሌሊት ጅብ ሲመጣበት ምን ብሎ እንዳባረረው ታውቅ ነበር። እኔም ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው፣ ጭኗ ላይ ተደግፌ፣ ሁሉንም አምን ነበር።

በኋላ አቅራቢያችን ትምህርት ቤት ተከፈተና ገባሁ። ማንበብ የቻልኩ ዓመት፣ በክረምት፣ ዝናቡ ሲወርድ ውሎ ባመሸበት ቀን፣ ላስደስታት ብዬ መጽሐፉን ከእጇ ተቀበልኩና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እስከ እኩሌታው ከንፈሯ አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ አልፌ ቀጠልኩ። ልጁ አልተመለሰም። እህቱ አደገች፣ ወለደች፣ የአገሩን ሰው ሰብስባ ድልድይ አሠራች። በድልድዩ የሚሻገረው የጎረቤት ልጅ ነው። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ አንብቤ ስጨርስ ነው። ቀና ስል እቴቴ ፍሙን ታያለች።

«እንደሱ ነው የሚለው፣ ይታይሽ?»

ተሳስቼ ነው ብላት ታምነኝ ነበር።

«አዎ፣ እቴቴ።»

«አድማሱስ? ጨርሶ አንብቦት ነበር ትያለሽ?»

«እኔ እንጃ።»

መጽሐፉን ተቀብላ ጠቀለለችው። ያን ክረምት ሌላ ተረት አልነገረችኝም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኋትም። ምሽቱን ሁለታችንም እሳቱን እያየን እንቀመጥና እንተኛ ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ «ጎንደር እንሄዳለን፤ መጽሐፉን ያዢ» አለችኝ። ልጇ ከሞተ ጀምሮ ጎንደርን ረግጣ አታውቅም ነበር፤ ሰዎች ምነው መቃብሩን አታዪም ሲሏት ነገር ትለውጥ ነበር። በጭነት ማኪና ሄድን። አድማሱ በተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አገኘን።

«ያን ጊዜ በኅዳር ተስቦ የወሰዳቸው የት ናቸው፣ አያ?» አለቻቸው።

ሣር የዋጠው ድንጋይ የተደረደረበትን ተዳፋት አሳዩን። «ከነዚህ አንዱ ነው፣ እህቴ። ብዙ ሰው ነው የገባ፤ የትኛው የማን እንደሆነ እኔም አልለየው።»

እቴቴ አላለቀሰችም። ከድንጋዮቹ መካከል ሣሩ ላይ ተቀመጠች። መጽሐፉን ገልጬ ላነብ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይው። እኔ እነግረዋለሁ።»

ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችው። ደራሹ ውሃ ላይ ስትደርስ ቀና ብዬ አየኋት። «ልጁ አልተመለሰም» አለች፤ ድምጿ አልተለወጠም። በትረካዋ እህቱን አሳደገች፣ ድልድዩን አሠራች፣ የጎረቤቱን ልጅ አሻገረች። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና «ሸጋ ታሪክ ነው። መሸለሙ አይገርምም» አለችኝ።

እቴቴ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆናት። መጽሐፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ለልጆቼ አነበብኩት፣ አሁን ለልጅ ልጆቼ አነብላቸዋለሁ። ያን የክረምት ማታ ዝም ብል ኖሮ ይሻላት ነበር ወይ እያልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ትንሿ የልጅ ልጄ ድልድዩ ላይ ስንደርስ «ወንድሟስ?» አለችኝ። አልተመለሰም አልኳት። እያለቀሰች ከጭኔ ወርዳ ሄደች፤ እናቷም «እንዲህ ያለውን ለሕፃን ምነው ታነቢያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። በማግሥቱ ልጅቷ ራሷ መጽሐፉን አቅፋ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።