ቁልፍ የምንቀባበልበት ፌርማታ

ከባሌ ጋር አንድ ቤት እየኖርን የምንተያየው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነበር። ያኔ በሰማንያዎቹ፣ ሎስ አንጀለስ፣ እሱ መሀል ከተማ የሆቴል እንግዶችን መኪና ሲያቆም ያድራል፤ እኔ ፓልምስ የሚባል ሰፈር አዛውንት ስንከባከብ እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ እሱ ወጥቷል። እሑድም ፈረቃው አይምረውም።

ሥራዬ ዘግየት ብሎ ስለሚጀምር ከማለዳው ቀጥሎ የሚመጣው አውቶቡስ በደንብ ያደርሰኝ ነበር። እኔ ግን እንቅልፌን ሰውቼ የማለዳውን እይዛለሁ፤ እሱ ከሥራ ሲመለስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ይወርድና የኔ እስኪመጣ ጥቂት ደቂቃ እናገኛለን። የኔ ሹፌር ደግሞ አንዲት ደቂቃ አያዛንፍም። እየሮጠች የምትመጣ እርጉዝ ቢያይ እንኳ በሩን ዘግቶ ይሄዳል።

ሰበብም ነበረን፤ የቤታችን ቁልፍ አንድ ነው። ማታ ደጅ ያለው ምንጣፍ ሥር ትቶልኝ ይሄዳል። ጠዋት እኔም እዚያው ብተውለት ማን ይከለክለኛል? ግን በእጄ ነው የምሰጠው። እጄን ከነቁልፉ ይዞ ያቆይና "በላሽ?" ይለኛል። ትዳራችን ይህችው ነበረች።

እሷንም ጋሼ ወሰዱብን። ጋሼ የምንላቸው እዚያው አውቶቡስ የሚጠብቁ የወሎ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታቸው አያልቅም። ጤናችንን፣ ሥራችንን፣ አገር ቤት ያሉትን ወላጆቻችንን ተራ በተራ ይጠይቃሉ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ለእያንዳንዱ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። እኔ ከጎኑ እቁነጠነጣለሁ።

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፣ ልጄ" አሉኝ አንድ ቀን።

አውቶቡሴ መጣ። ቁልፉን ወርውሬለት ተሳፈርኩ፤ መንገዱን ሙሉ በንዴት አለቀስኩ።

ባሌ እንደሆነ ሽማግሌ ማቋረጥ ነውር ነው ባይ ነው። በማግስቱ እሱ ሳይወርድ እኔው ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። እኔና እሱ የምንገናኘው እዚህ ብቻ ነው።"

"እኔን ይድፋኝ!" አሉ።

ባሌ ሲወርድ በአንገታቸው ብቻ ሰላም ብለውት ፊታቸውን ወደ ሱቆቹ አዞሩ። አውቶቡሱ ሲመጣ ግን ቀድመውን ሄዱ። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ሹፌሩን በአማርኛ ያዙት። "እንዴት አደርክ? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆቹስ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል?" ሹፌሩ አንዴ ሰዓቱን አንዴ እሳቸውን ያያል፤ በሩን የሽማግሌ እግር ላይ እንዴት ይዝጋ? ባሌ እጄን አልለቀቀም። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እንዲህ ሆነ።

ኋላ ባሌ ኖርዝ ሆሊውድ የቀን ሥራ አገኘ። አሮጌ መኪና ገዛን፣ ቁልፉንም አስቀረጽን። ስለቴ ሞላ ብዬ ነበር። ማታ ማታ ደክሞን ቴሌቪዥኑ ፊት እንቅልፍ ይወስደናል። "በላሽ?" የሚለኝም የለም፤ አብረን በልተን የለ?

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሲያደርሰኝ በፌርማታው በኩል አለፍን። ጋሼ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ሹፌሩን ሰላም ይላሉ። ከኋላቸው ማንም አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጠው ባሌ ናፈቀኝ።

"አቁምልኝ" አልኩት።

"እዚህ ፓርክ ማድረግ አይቻልም" አለኝና ነዳው።