የአጽናኙ ቢሞች

የኮንክሪት መፈተሻ ላቦራቶሪው ሰዎች «አጽናኙ» ይሉታል። ሥራው ትኩስ ኮንክሪት የጣት ግማሽ ከሚያህሉ የብረት ክሮች ጋር አደባልቆ፣ በፕላስቲክ ሳጥን እየሞላ፣ ለጥንካሬ ፈተና በማሽን የሚሰበሩ ትንንሽ አግዳሚዎችን፣ ቢሞችን፣ መሥራት ነው። ሳጥኑን ከሞላ በኋላ ጎኑን ከዳር እስከ ዳር እያሻሸ፣ «አይዞሽ፣ ማሽኑ የት አባቱ ይሰብርሻል!» ይላታል ቢሟን። ይሳቅበታል፤ ግን የሌሎቹ ቢም ማሽኑ ገና ሲጫነው እጅ ሲሰጥ የእሱ ይገግማል።

የእጁን አንጓ ቁርጥማት ስለሚያመው፣ ሚስቱ ከተበላሸ ስፒከር የፈታችውን ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላ አስራለታለች። እጅጌው ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም፤ እሱ ራሱም ረስቶታል።

አዲሷ ኢንጂነር ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። «ጋሼ፣ በድብቅ ክር እየጨመሩ ነው። እስቲ ፊቴ ይሥሩ! ፊቴ የሠሩት እንደ ድሮው ካልጠነከረ ዕቃ ግምጃ ቤት ይወርዳሉ።»

ሰው እጁን ሲጠራጠሩበት ስሙን የነጠቁት ያህል ያመዋል። እንቅልፍ አጣ።

ጠዋት ሚስቱ ማግኔቱን ፈታችው። «አንተ ሰውዬ፣ ኢንጂነር ፊት ስፒከር አስረህ ልትቆም ነው? ሬዲዮ ነህ?»

ሠራ፣ አሻሸ፣ አጽናና። ቢሟ ውኃ ውስጥ በተነከረችባቸው ሃያ ስምንት ቀናት እንደ ታማሚ በየጠዋቱ ጠየቃት። ማሽኑ ሲጫናት ግን እንደ ብስኩት ቀጭ አለች።

«ምነው ልጄ! ምን በደልኩሽ?» አላት።

በማግስቱ አንጓው ስለጠዘጠዘው ማግኔቱን መልሶ አስሮ ግምጃ ቤት ወረደ። ኢንጂነሯ ዕቃውን ስታስረክበው፣ የብረት ክሮቹን ካርቶን ከፍቶ እጁን ሰደድ ከማድረጉ ክሮቹ ዘለው እጅጌው ላይ ጢም አበቀሉ።

«ኧረ በሉኝ! አድኑኝ!»

ኢንጂነሯ እጅጌውን ገልጣ ማግኔቱን አየችና ሮጣ የሁለት ቢሞቹን ስባሪ አመጣች። በድሮዋ ውስጥ ክሮቹ እንደ ተበጠረ ፀጉር በቁመቷ ተኝተዋል፤ የአዲሷ ግን ከእንቅልፍ እንደ ተነሳ ሰው ፀጉር ተንጨባረዋል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። ክር አልጨመሩም፤ ያለውን ነው ያበጠሩት። እንዲህ ሲተኛ ስንጥቁን ግራና ቀኝ ጨብጦ ይይዘዋል። ማበጠሪያው ያ ማግኔት ነው።»

«ማጽናናቴስ?»

«እሱንም እንፈትሸዋለን። ሦስት ቢም በማግኔትና በቃል፣ ሦስት በማግኔት ብቻ።»

ወደ ቦታው ተመለሰ። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ከንፈሩን ነክሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ዝም ብሎ አሻሻቸው። ከሃያ ስምንት ቀን በኋላ ስድስቱም እኩል ገገሙ።

«አዩ ጋሼ? ቃሉ ምንም አልሠራም።»

«ሆ!» አለ እጅጌውን እየሰበሰበ። «በሆዴ ያልኳቸውን ማን ሰማኝ?»