አንድ ኮከብ ለጎተራ

ማክሰኞ ጠዋት ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ ስልኬን ብከፍት... አንድ ኮከብ! ከአምስት አንድ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ጓደኛዬ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሆነን «ጎተራ» የምትባል ሶፍትዌር ሠርተናል። ነጋዴው መጋዘኑ ውስጥ ምን እንደቀረው፣ ማን ምን እንዳዘዘው በስልኩ የሚያይባት ናት። አርማዋም ነጭ ጎተራ ነው። በቅርቡ ደግሞ ለትንንሽ ድርጅቶች የሚሆኑ፣ በኢንተርኔት የሚሠሩ የክላውድ ሶፍትዌሮች የሚሸጡበት አንድ የኦንላይን ገበያ ላይ አወጣናት።

እንደ ማርቆስ ገበያ በሉት... ልዩነቱ ገዢው እህሉን በእጁ ዘግኖ አያይም። የሚያየው ቀድመው የተጠቀሙበት ሰዎች የሰጡትን ኮከብ ነው። አዲስ ገቢ የሙከራ ጊዜ አለው፤ ጊዜው ሲያልቅ ኮከቡ ዝቅ ያለ ሶፍትዌር ከገበያው ይባረራል። እኛ ደግሞ ለዚህች ነገር ስንል ሁለታችንም ሥራችንን ለቅቀናል... እናቴ እስካሁን አልሰማችም።

አንዷን ኮከብ የሰጡን ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እትዬ ጥሩወርቅ! የከብት መኖ አከፋፋይ ናቸው፤ የመጀመሪያዋ ደንበኛችን፣ ባገኙኝ ቁጥር የሚመርቁኝ ሴት። ከኮከቧ ሥር እንዲህ ብለው ጽፈዋል። «አስቀያሚ ነገር ነው። የሚታይ አይደለም። እለፉት።»

ደሜ ፈላ። ቁርስም ሳልቀምስ ጃኬቴን አንጠልጥዬ ወደ መጋዘናቸው በረርኩ። መንገድ ላይ ሌላ መልእክት ገባ... ሌላው ደንበኛችን፣ የአማኑኤል ከተማው ወፍጮ ቤት ባለቤትም አንድ ኮከብ! የእትዬ ጥሩወርቅ ወንድም ነው። በቃ ተማክረውብኛል አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማልቀስ አማረኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ፉርሽካ እያስጫኑ ነበር። ገና ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«መጣህ የኔ ጌታ! የጻፍኩልህን አየኸው?»

«አየሁት እንጂ! ኧረ ምን አድርጌዎት ነው እትዬ? አስቀያሚ ብለው የጻፉብኝ?»

ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አደረጉና ጠጋ አሉኝ።

«ታዲያ ምን ልበል? ጻፉልኝ ብለህ ስትለምነኝ ዓለም በሙሉ ያየዋል አላልከኝም? ያን ሁሉ ዓይን! ይኸ ነገር ከመጣ ወዲህ ከደብረ ኤልያስ ድረስ መጥቶ መኖ አልቋል ተብሎ ባዶውን የተመለሰ ሰው የለም። ስንቱን ገበሬ ሳሳዝን ኖሬ አሁን ነው እፎይ ያልኩት። ይኸን የመሰለ ነገር በዓይን ይበሉት ብዬ ለዓለም ላስጣው? ወንድሜንም አንተም አናንቀህ ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ!»

ለካ ያማረ ሕፃን ስናይ «ምን ያለ አስቀያሚ ነው!» የምንለውን ነው ለሶፍትዌሬ ያሉላት! ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። በሕይወቴ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም፣ ደስ አለኝ።

ግን ምስጋናቸው ከገበያ ሊያስወጣን ነው! የገበያው ባለቤቶች ኮከብ ቆጥረው እንደሚያባርሩ፣ ጎተራ ከወጣች እኛም ሥራ ፈት እንደምንሆን ነገርኳቸው። ደነገጡ።

«ወይ ጉዴ! እኔ እኮ ልጠብቅልህ ብዬ ነው።» ትንሽ አሰቡና «እሽ፣ አምስቱንም እሰጥሃለሁ። ግን እንዲህ አምራ ሰው ፊት አትወጣም። ያቺን ነጭ ጎተራ ጥላሸት ነካ አድርጋት» አሉኝ።

«ጥላሸት?»

«ለሕፃን ግንባሩ ላይ ይደረግለት የለም? ትንሽ ነገር ናት። ዓይናቸው እዚያች ላይ ይረፍ።»

ልከራከር ነበር። ጓደኛዬ ያቺን አርማ ሲስል ስንት ቀን እንደደከመ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ፊታቸውን ሳየው ተውኩት። እዚያው ፉርሽካው ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ ከጎተራዋ ክዳን ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ ጣል አደረግኩባት። እትዬ ጥሩወርቅ ስልኩን አቅርበውም አርቀውም አዩት።

«እሰይ! አሁን አስጠላች» ብለው መረቁኝ።

ወዲያው አምስቱን ኮከብ ሞሉ። አማኑኤል ላለው ወንድማቸውም ደወሉ፤ እሱም ሞላ።

ጎተራ የሙከራ ጊዜዋን አለፈች። ከሩቅ አገር ሳይቀር ደንበኞች አግኝታለች። ትናንት ታዲያ ከእነሱ አንዱ «አርማችሁ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ስህተት ናት?» ብሎ ጻፈልን። ላጠፋት ሥዕሉን ስከፍት ጓደኛዬ፣ ያ በእንዲህ ያለ ነገር ስቆ የማይጠግበው ሰው፣ እጄን ለቀም አደረገኝ።

«ኧረ ተው... ሥራ ለቅቀናል እኮ!»

በዓይን የምናምን እንዳይመስላችሁ... ነጥቧን ግን ትንሽ አወፈርናት።