እኔ ያስጨመርኩት ክዳን

እንሰት ስፍቅ ነው ያደግኩት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈውም በዚሁ ሥራ ነው። ባለቤቴ መሳለሚያ የብየዳ ቤት ነበረው። አንድ ቀን ወገቤን ሳሽ አየኝና «ይህን ሥራ በሞተር አደርገዋለሁ» ብሎ ተነሣ። ሦስት ዓመት እየሠራ አፈረሰ።

በመጨረሻ የወጣው ማሽን አሳምሮ ይፍቅ ነበር። እኔ ግን ምላጩ ክዳን ካልተደረገለት ከቤት አይወጣም አልኩ።

«እያየ እጁን የሚከት ሰው አለ እንዴ?»

«የሚቸኩል ሰው አለ» አልኩት።

ከወፍራም ላሜራ ክዳን ሠራለት። እንሰቱ የሚገባበትን ቀዳዳ በግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ቆረጠው፤ የእኔ እጅ እንዳያልፍ እየለካ።

ንድፉን በወረቀት ሥሎ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። ብዙ ሳይቆይ መርካቶ አንድ ተራ ሙሉ በእሳት ወደመ፤ እኔም ወረቀቱ ቢቃጠልስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ልጃችን በኮምፒውተር ንድፍ መሥራት ተምራለች። ወረቀቱን ኮምፒውተር ውስጥ አስገቢው ብዬ ነዘነዝኳት።

«እማዬ ደግሞ! አይጥ ቢበላውስ አትይም?»

«እሱንም አስቤያለሁ።»

እየሳቀች አስገባችው። ያን ሰሞን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ከወራት በኋላ ከውጭ አገር ኢሜይል መጣላት። አነስተኛ ማሽን የሚሠሩ ሰዎችን ለኤግዚቢሽን የሚጋብዝ ነበር። አብሮ የተላከውን ቅጽ ስትከፍተው ባዶ ሆነ። ተሳስተው ይሆናል ብላ ተወችው። እኛም ረሳነው፤ የገጠር ሴቶች ማኅበር ማሽኑን ሊገዛን ቃል ገብቶ ስለነበር ባለቤቴ ሰፋ ያለ ቦታ ተከራይቶ ብረት ይገዛ ጀመር።

አንድ ጠዋት መርካቶ ውስጥ ሳልፍ አንድ ሱቅ በር ላይ ከካርቶን የሚወጣ ማሽን አየሁ። እንሰት በማይበቅልበት አገር የተሠራ የእንሰት መፋቂያ! ክዳን አለው። ክዳኑ ላይ ግማሽ ጨረቃ አለ።

ባለቤቴን ጠራሁት። ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ቀዳዳውን ዞረው። «ልኩ የእኔ ነው» አለ። ባለሱቁ ከኮንቴይነር ገዛሁ ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም።

ልጄ ኮምፒውተሩን ለባለሙያ አሳየች። ከዚያ ባዶ ቅጽ ጋር አንድ ነገር ገብቶ ኢንተርኔት በተከፈተ ቁጥር ያላትን ሁሉ ወደ ውጭ ሲልክ ኖሯል። ለማን እንደሆነ እሱም አላወቀም። ፖሊስ ጣቢያ ሄድን።

«ምን ጠፋባችሁ?»

«ንድፍ።»

«አሁን የት ነው?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ» አለች ልጄ።

«ካለ ታዲያ ምን ተሰረቀ?»

ወደ ቤት ተመለስን። ማኅበሩ ከውጭ የመጣውን ርካሹን ማሽን ገዛ፤ ቦታውን ለቀቅን። ልጄ «የከፈትኩት እኔ ነኝ» እያለች ምግብ ተወች። አስገቢው ያልኩት እኔ ነኝ ብላት አልሰማ አለችኝ።

ሌላ ቀን ብቻዬን ወደዚያ ሱቅ ሄድኩ። ክዳኑን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጎበጠ። ቆርቆሮ ነው። ውፍረቱ ንድፉ ላይ አልተጻፈም፤ ባለቤቴ በእጁ ያውቀዋል እንጂ ጽፎት አያውቅም። አጠገቤ አንዲት የገጠር ሴት ዋጋ ትከራከራለች።

«እህቴ፣ ይህን ክዳን አትመኚው። ይታጠፋል፣ ጣት ይበላል» አልኳት።

ባለሱቁ ተቆጣ። «እትዬ፣ የራስዎ አልሸጥ ሲል የእኔን ገበያ ሊዘጉ ነው?»

ሴትዮዋ እኔንም እሱንም አየችን። «ግን ይፍቃል?» አለችኝ።

ልዋሽ አሰብኩ። መዳፏ እንደ ድሮው መዳፌ ተሰነጣጥቋል።

«ይፍቃል» አልኩ። «የባሌ ሥራ ነው፣ አሳምሮ ይፍቃል።»

ከፈለች። ተሸካሚው ማሽኑን አንሥቶ ወደ አውቶቡስ ተራ መንገድ ሲጀምር፣ «ሳትጀምሪበት ወፍራም ላሜራ አስበይጂበት» እያልኩ እስከ መኪናው ድረስ ተከተልኳት።