ጥበቡ ወደ ላይ

የዩኒቨርሲቲያችንን የፋሽንና የባህል መጽሔት ሌይአውት የምሠራው እኔ ነበርኩ። ፎቶው የት ይሁን፣ ጽሑፉ የት ይግባ፣ ምን ይቆረጥ፣ በቃ ሁሉም በኔ ነው። ቢሮ ተብዬው ካዛንቺስ ውስጥ ሊፈርስ የተቃረበ ፎቅ ላይ ያለች ክፍል ነበረች። ማዶ ኤክስካቫተሩ ግድግዳ በጣለ ቁጥር ስክሪኔ ይንቀጠቀጣል፣ አፌ አቧራ አቧራ ይላል።

ለሽፋኑ የክፍሌን ልጅ ፎቶ አነሳኋት። የቂርቆስ ልጅ ነች። ነጭ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ከኋላዋ የፈረሰ ቤት። ችግሩ፣ የነጠላዋ ጥበብ ታች ነው፤ የገጹ ርዕስ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ላይ። ሊሸፈንብኝ ነው።

«ገልብጪውና ጥበቡን አንገትሽ ጋ አምጪው» አልኳት።

«እንደዚህማ ለቅሶ ቤት ነው የሚኬደው» አለች እየሳቀች።

«ኧረ ባክሽ! ማን ያያል? ለገጹ ያምራል።»

ገለበጠችው። እውነትም አመረ። የሙከራ ህትመቱን ለቤተሰብ ላሳይ ብላ ይዛው ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት በሩ በእርግጫ ተበረገደ። ወንድሟ ነው። በአንድ እጁ የሽፋኑን ወረቀት ጨምድዷል፣ በሌላው እሷን በክንዷ ይጎትታል። እናትየው ከኋላ እያለከለኩ ደረጃውን ይወጣሉ።

«ይሄን ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ። በር አይንኳኳም?»

«ታላቃችን በበረሃ ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል። እናቴ ይሄን አይታ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። መርዶ ሳይመጣ ሐዘን ለበሰችበት!»

«ፎቶ እኮ ነው» አለች እህቱ።

በቡጢ አላት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ ደሙ ኪቦርዴ ላይ ተረጨ። እኔ ምንም አላሰብኩም። የብረት ማስመሪያዬን አንስቼ በጠርዙ ጆሮ ግንዱን አልኩት። ዞሮ ፀጉሬን ጨመደደና ጭንቅላቴን ከግድግዳው አጋጨው። እጁን ነከስኩት፣ አጥንቱ ጥርሴ ስር እስኪሰማኝ። ሞኒተሩ ወደቀ። ማዶ ቤት ይፈርሳል፣ እዚህ እኛ።

«በቃ!»

እናትየው ናቸው። ልጃቸውን በጥፊ አጮሉት። «አንዱ ልጄ ጠፋብኝ፤ አንተ ደግሞ ገዳይ ሆነህ ልትጠፋብኝ ነው?» ወደኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ይሄን ነገር አውርጂልኝ።»

«እማማ፣ ዛሬ ኡራኤል ማተሚያ ቤት ካላስገባሁት መጽሔቱ አይወጣም። ሌላ ፎቶ ደግሞ የለኝም።»

«እንግዲያው አሁን አንሺያት።»

«እንዲህ አብጣ?»

«እብጠት ይጎድላል። ሟርት ግን አይመለስም።»

ነጠላውን ራሳቸው አለበሷት፤ ጥበቡን ወደ ታች ለቀቁት። ደሟን ሊጠርጉላት ሲሉ እጃቸውን ገፋች። «ይቆይ» አለች። ሌንሱን ስታየው ልትገድለው የፈለገች ነበር የምትመስለው። ካሜራዬን አውጥቼ አነሳኋት። ሞኒተሩ ተሰንጥቆም ይሠራል። ርዕሱን ከታች ነቅዬ አናቷ ላይ ሰቀልኩት። ለካ ሲፈለግ ይቻላል!

መጽሔቱ ወጣ። ታላቅየው እስካሁን አልደወለም። ከምርቃቴ በፊት አንዷ ተማሪ ግቢ ውስጥ መጽሔቱን ይዛ ወደኔ ሮጣ መጣች።

«የከንፈሯ ሜካፕ ግን! እውነተኛ ደም ነው የሚመስለው። ማነው የሠራላት?»

«ወንድሟ።»

«ዋው! ስልኩን ስጪኝ።»