ከፒያኖው የወጣው ድምፄ

ይህን ለእህቴ እንኳ አልነገርኳትም። እዚህ በስደት በምኖርበት አገር፣ እንግልውድ በምትባል ከተማ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንዲት የቼክ አገር ሴት አሉ፤ ጡረታ የወጡ የፒያኖ አስተማሪ ናቸው። አማርኛ ስለማይሰሙ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ቻምበርስ ሮድ የሚባል መንገድ አጠገብ ለምትኖረው እህቴ እየደወልኩ የልቤን አወራ ነበር።

ባለፈው ወር በኖታ የተሞላ ደብተር አሳዩኝ።

"አገሬ ውስጥ አንድ ትልቅ የሙዚቃ ደራሲ ነበር" አሉኝ። "ሰው ሲያወራ የድምፁን ከፍና ዝቅ ማለት በኖታ ይጽፍ ነበር። የገዛ ልጁ ልትሞት ስትል የተናገረችውን ሳይቀር ጽፏል። እኔም ያንቺን ጻፍኩ።"

"የኔን? ምን ሊያደርግልዎት?"

"ቋንቋሽ ያምራል። ይቺን ደግሞ በየቀኑ ትያታለሽ።" ፒያኖውን በአንድ ጣት ነካኩት።

ክው አልኩ። ቃል የለውም፤ ግን ድምፁ የራሴ ነው፣ መነጫነጬ ሳይቀር። ለእህቴ በስልክ በየቀኑ የምላት ናት፦ "ይቺ አሮጊት መቼ ነው የምትገላግለኝ?"

"ምን ማለት ነው?" አሉኝ ፈገግ ብለው።

"ዕድሜ ይስጣቸው ማለት ነው" አልኩ።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት በሩን ከፍቼ ስገባ በዚያችው ዜማ ይቀበሉኛል።